ቀለም እንቁጠር፦ የቤታችን ፕሪንተር በእውነት ስንት ያስወጣናል?

በአገራችን አንድ ሰው ተምሯል ለማለት «ቀለም ቆጥሯል» ይባላል። እኔም እንደ አቅሜ ቀለም ቆጥሬያለሁ ብዬ አስብ ነበር። ባለፈው ዓመት ግን ቃል በቃል ቀለም መቁጠር ግድ ሆነብኝ። ያን ጊዜ ነው ጠረጴዛዬ ላይ ዝም ብሎ የተቀመጠ አንድ ዕቃ ለዓመታት ኪሴን ሲያራቁተው እንደኖረ የገባኝ። ዕቃው ፕሪንተር ነው።

ውድ አንባብያን፣ «በስንቱ ቁም ነገር መሐል ስለ ፕሪንተር ምን ይጻፋል?» ትሉ ይሆናል። እስቲ ታሪኩን ላስቀድም፤ ፍርዱን ኋላ ትሰጡኛላችሁ።

የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈራችን ሐበሻ ልጆች አማርኛ የሚማሩባት አንዲት አነስተኛ ክፍል አለችን። ልጆቹ 14 ናቸው። ወላጆች በየወሩ ትንሽ ትንሽ ያዋጣሉ፤ በዚያ ገንዘብ የአዳራሽ ኪራይ ይከፈላል፣ ደብተርና እርሳስ ይገዛል። ክፍሉ ሲጀመር «የወረቀቱን ሥራ ለእኔ ተዉት፣ ፕሪንተር አለኝ» ብዬ ቀድሜ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ፕሪንተሩን በቅናሽ ቀን በ60 ዶላር ነበር የገዛሁት። በጣም የተጠቀምሁ መስሎኝ ነበር።

ከአሥር ወር በኋላ ገንዘብ ያዣችን፣ በሙያዋ ነርስ የሆነች ጥንቁቅ እህታችን፣ «ደረሰኞችህን አምጣና እንዝጋው» አለችኝ። ሰብስቤ ወሰድሁላት። ሰባት ጥቁር ካርትሪጅ በ18 ዶላር ሒሳብ 126 ዶላር፤ ዐሥራ አራት ባለቀለም ካርትሪጅ በ14 ዶላር ሒሳብ 196 ዶላር። ድምሩ 322 ዶላር። ደረሰኙን አገላብጣ አየችና፣ «ወንድሜ፣ ይሄ ሁሉ ለቀለም ነው? በዚህ እኮ ለእያንዳንዱ ልጅ መጽሐፍ ይገዛ ነበር» አለችኝ። ትክክል ነበረች። ለአንድ ልጅ 23 ዶላር ይደርሳል። ያን ቀን ምሽት ቤቴ ገብቼ ፕሪንተሩ ራሱ የሚይዘውን የገጽ ቆጠራ አወጣሁ። 870 ገጽ ይላል። 322 ዶላርን ለ870 ሳካፍለው አንድ ገጽ 37 ሳንቲም ሆነ። ሰፈራችን ያለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጥቁር ገጽ የሚያትመው በ15 ሳንቲም ነው! ወረቀቱም የራሱ ነው።

አፈርሁ። ካፈርሁ በኋላ ግን ነገሩን ለማጥናት ተነሣሁ። ያገኘሁትን እነሆ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሣሩና ገደሉ

ሣሩን አይቶ ገደሉን ስላላየው በሬ ያልሰማ የለም። የርካሽ ፕሪንተር ንግድ የተመሠረተው በዚህ በሬ ጠባይ ላይ ነው። ዕቃው በርካሽ ይሸጥልሃል፣ አንዳንዴም ከተሠራበት ወጪ ባልተናነሰ ወይም ከዚያ በታች። ትርፉ የሚመጣው እየደጋገምህ ከምትገዛው ቀለም ነው። ምላጭና ምላጭ መያዣ ከሚሸጡት የተወረሰ ዘዴ ነው፤ መያዣው ርካሽ፣ ምላጩ የማያልቅ ወጪ።

መጀመሪያ ላይ እንዲህ አልነበረም። ኤችፒ በ1988 ዴስክጄት የተባለውን የቀለም ርጭት ፕሪንተር ለገበያ ሲያቀርብ ዋጋው 995 ዶላር ነበር። በ1984 የወጣው የመጀመሪያው ሌዘርጄት ደግሞ 3,495 ዶላር። ያኔ ሰው ዕቃውን በውድ ነበር የሚገዛው። ዓመታት ሲያልፉ የዕቃው ዋጋ ከ100 ዶላር በታች ወረደ፣ ክብደቱ ግን ወደ ቀለሙ ተሸጋገረ።

ክብደቱ ምን ያህል እንደሆነ ለማየት አንድ ሒሳብ እንሥራ። አንድ አነስተኛ ጥቁር ካርትሪጅ 4 ሚሊ ሊትር ቀለም ይዞ 18 ዶላር ይሸጣል እንበል። አንድ ሚሊ ሊትር 4 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው ማለት ነው። ሊትሩ 4,500 ዶላር! አብዛኛው ይዘቱ ውኃ ለሆነ ፈሳሽ።

ቀለሙ የት ይሄዳል?

ይህን ለመረዳት ዕቃው እንዴት እንደሚሠራ በጥቂቱ ማወቅ ያስፈልጋል። የቀለም ርጭት ፕሪንተር ራስ (ቀለሙን የሚተፋው ክፍል) ከሰው ፀጉር የቀጠኑ ብዙ ቀዳዳዎች አሉት። ኤችፒና ካነን በብዛት የሚጠቀሙበት ዘዴ ሙቀት ነው። በቀዳዳው ሥር ያለች ደቃቅ ማሞቂያ ቀለሙን በቅጽበት ታፈላዋለች፣ አረፋ ይፈጠራል፣ አረፋውም ጠብታዋን ወደ ወረቀቱ ይገፋታል። ኤፕሰን የሚጠቀምበት ደግሞ ኤሌክትሪክ ሲነካው የሚታጠፍ ቁስ ነው፤ ሲታጠፍ ቀለሙን ጨምቆ ያወጣዋል። በሁለቱም ጠብታዋ ጥቂት ፒኮ ሊትር ብቻ ናት። ፒኮ ሊትር ማለት አንድ ሊትር ለአንድ ትሪሊዮን ሲካፈል ነው።

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ይጀምራል። ቀዳዳው ይህን ያህል የቀጠነ፣ ቀለሙም ውኃ የበዛበት ከሆነ፣ ለጥቂት ቀናት ሥራ ሲፈታ ጫፉ ላይ ይደርቃል። እንዳይደፈን ፕሪንተሩ በየጊዜው ራሱን ያጸዳል። ስናበራው የምንሰማው ያ የመንቀጥቀጥና የመምጠጥ ድምፅ ይኸው ነው። በሚያጸዳበት ጊዜ ቀለሙን በቀዳዳዎቹ መጥጦ ያወጣና ከሥሩ ወደተቀመጠ ስፖንጅ ይደፋዋል። አዎን፣ በገንዘባችን የገዛነውን ቀለም ስፖንጅ ይጠጣዋል። ስፖንጁ ሞልቷል ብሎ ሲቆጥር ደግሞ «አገልግሎቴን ጨርሻለሁ» ብሎ ቀጥ የሚል ፕሪንተርም አለ።

ኮንስዩመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ የሸማቾች መጽሔት በ2013 ባወጣው ጽሑፍ፣ ፕሪንተሮችን አልፎ አልፎ ብቻ በማተም ፈትኖ፣ ብዙዎቹ ወረቀት ላይ ያዋሉት ከቀለማቸው ግማሹን ወይም ከዚያ ያነሰውን መሆኑን ገልጿል። የቀረው በጽዳት አለቀ። እኔ ደግሞ የማትመው በሳምንት አንድ ቀን፣ ዓርብ ማታ ብቻ ነበር። ስድስት ቀን ይደርቃል፣ በሰባተኛው ይታጠባል።

በዚያ ላይ የገዛ እጄ ጥፋት ነበረበት። ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ብዬ ፕሪንተሩን የማጠፋው ሶኬቱን ከግድግዳው በመንቀል ነበር። ለካስ መጥፋት ያለበት በራሱ ቁልፍ ነው። በቁልፉ ሲጠፋ ራሱን ወደ ማረፊያው መልሶ ይከድነዋል፣ ቀለሙም ቶሎ አይደርቅም። ድንገት ሲነቀል ግን ሳይከደን ሊቀር ይችላል፤ ብዙዎቹም ተመልሰው ሲሰኩ ረጅም ጽዳት ይጀምራሉ። ለሳንቲም ኤሌክትሪክ የዶላር ቀለም ስከፍል ኖሬያለሁ።

በሳጥኑ ላይ ያለው ቁጥር

«180 ገጽ ያትማል» የሚል ጽሑፍ ሳጥኑ ላይ ወይም አምራቹ ዘንድ ታገኛላችሁ። ውሸት አይደለም። አይ.ኤስ.ኦ. የተባለው ዓለም አቀፍ የደረጃዎች ድርጅት ያወጣው የመለኪያ ዘዴ አለ፤ ለቀለም ርጭት 24711፣ ለጥቁር ሌዘር 19752 በሚሉ ቁጥሮች ይታወቃል። ሁሉም አምራች አንድ ዓይነት የሙከራ ገጾች ስለሚያትም አንዱን ከሌላው ለማወዳደር ይጠቅማል።

ነገር ግን ቁጥሩ ሁለት ነገር ይደብቃል። አንደኛ፣ ሙከራው የሚካሄደው ገጽ በገጽ ላይ እየተከታተለ ስለሆነ፣ እንደ እኔ በሳምንት አንዴ ለሚያትም ሰው በጽዳት የሚባክነውን አይቆጥርም። ሁለተኛ፣ የሙከራው ገጽ በተለምዶ በቀለም የሚሸፈነው 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ይህም አጠር ያለ ደብዳቤ ያለበት ገጽ ማለት ነው። እኛ የምናትመው ግን ሌላ ነው።

የፊደል ገበታው ጉዳይ

ለልጆቹ የፊደል ገበታ ያዘጋጀሁት እኔው ነኝ። 33ቱ ፊደላት ከነሰባት ዘራቸው፣ 231 ሆነው፣ በአረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ መደብ ላይ ተሰልፈዋል። በጣም ያምር ነበር። ልጆች ወረቀት ይቀዳሉ፣ ይጥላሉ፣ ጭማቂ ያፈሱበታል፤ እኔም እንደገና አትማለሁ።

አንድ ዓርብ ማታ የንባብ ልምምድ፣ ነጭ ወረቀት ላይ ጥቁር ጽሑፍ ብቻ፣ ላትም ስል ፕሪንተሩ እምቢ አለ። «ቢጫ ቀለም አልቋል» ይላል። ቢጫ ምን ያደርግልኛል? ጥቁሩ እኮ ሙሉ ነው! ቢለመን ቢመከር አልሰማ አለ። በማግስቱ ልጆቹ ያለ ወረቀት ዋሉ፤ መምህርቷ በቃሏ እያስባለች አሳለፈችው። ደረሰኞቹን መልሼ ስቆጥር፣ ከዐሥራ አራቱ ባለቀለም ካርትሪጆች ስምንቱ ቢጫ ነበሩ።

ምክንያቱ ሲገባኝ ሳቅሁ። ፕሪንተር አረንጓዴ የሚባል ቀለም የለውም። ያሉት ውኃ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ናቸው። አረንጓዴን የሚሠራው ውኃ ሰማያዊን ከቢጫ ጋር አደባልቆ ነው። ቀይን የሚሠራው ሐምራዊ ቀዩን ከቢጫ ጋር አደባልቆ ነው። ቢጫማ ያው ቢጫ ነው። እንግዲህ የባንዲራችን ሦስቱም ቀለማት ቢጫ ይጠጣሉ ማለት ነው! የኢትዮጵያን ባንዲራ በየበዓሉ፣ በየጥሪ ካርዱና በየማኅበሩ ደብዳቤ የምታትሙ ወገኖች፣ ቢጫው ለምን ቀድሞ እንደሚያልቅ ግራ ገብቷችሁ ከነበር ምሥጢሩ ይኸው ነው።

ሽፋኑንም አስቡት። መደበኛው ገጽ 5 በመቶ ከሆነ፣ 80 በመቶው በቀለም የተሸፈነ አንድ ገበታ የዐሥራ ስድስት ገጽ ቀለም ይበላል። 165 ገጽ ይበቃል የተባለው ቢጫ ዐሥር ገበታ ላይ ያልቃል።

ይህን ከእኔ ቀድመው ያዩት የአንዷ ልጅ አያት ናቸው። በልጅነታቸው የቄስ ትምህርት ቤት የተማሩ አባት ናቸው፤ ገበታውን አንሥተው አዩና፣ «ልጄ፣ እኛ ቀለሙን ከጥላሸት በጥብጠን ስንጽፍ ብዕራችንን የምንነክረው ለፊደሉ ነበር። እናንተ ሜዳውን ለምን ትቀቡታላችሁ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ቺፑና ሕጉ

«ታዲያ ከሌላ አምራች ርካሽ ካርትሪጅ አትገዛም ነበር?» የሚለኝ አይጠፋም። ገዝቼ ነበር። አንዱ ደህና ሠራ፣ ሌላው ፈሰሰና ጠረጴዛዬን አበላሸ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው የሆነብኝ። ሆኖም ሁሉንም በአንድ ዓይን ማየት አይገባም፤ በደንብ የተሞሉም አሉ። ዋናው እንቅፋት ቺፑ ነው። በብዙ ካርትሪጆች ላይ የተለጠፈች ትንሽ ቺፕ አለች፤ ፕሪንተሩ በእርሷ አማካይነት የራሱን ካርትሪጅ ከባዕዱ ይለያል። በመስከረም 2016 በርካታ የኤችፒ ፕሪንተሮች ቀደም ሲል ይቀበሉት የነበረውን የሌላ አምራች ካርትሪጅ በድንገት አልቀበልም አሉ። ደንበኞች ጮኹ፣ ኩባንያውም ነገሩን በሚገባ ባለማስታወቁ ይቅርታ ጠይቆ እገዳውን የሚያነሣ ማስተካከያ ለማቅረብ ተገደደ። አሠራሩ ግን በሌሎች ሞዴሎች ቀጥሏል።

በሕግ በኩል ለሸማቹ የሚበጅ ውሳኔም አለ። ሌክስማርክ ኢምፕሬሽን ፕሮዳክትስ የተባለውን አነስተኛ ኩባንያ ያገለገሉ ካርትሪጆችን እየሞላ ሸጠብኝ ብሎ ከሶት ነበር። በ2017 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለትንሹ ኩባንያ ፈረደ። አምራቹ ዕቃውን አንዴ ከሸጠ በኋላ፣ በአሜሪካም ይሁን በውጭ አገር የተሸጠ ቢሆን፣ በፓተንት መብቱ ገዢውን ሊያስር አይችልም አለ። ስለዚህ ካርትሪጅ መሙላት በራሱ ወንጀል አይደለም። ፍርድ ቤቱ የፈታውን ግን ቺፑ መልሶ ሊያስረው ይችላል።

በየወሩ እየከፈሉ ቀለም በፖስታ የሚቀበሉበት አገልግሎትም አለ። የሚከፈለው በገጽ ብዛት እንጂ በቀለም መጠን ስላልሆነ ሽፋኑ ለበዛ ገጽ ያዋጣል። ነገር ግን ልብ በሉ፦ ውሉን ስታቋርጡ በአገልግሎቱ የመጣው ካርትሪጅ፣ በውስጡ ቀለም ቢኖርም፣ ማተሙን ያቆማል። የተከራያችሁት እንጂ የገዛችሁት አልነበረም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ምርጫው አራት ነው፤ ዋጋው እንደየሱቁ ቢለያይም ለምሳሌ ያህል እንያዘው። ርካሹ የቀለም ርጭት ፕሪንተር 60 ዶላር፤ ጥቁር ገጹ እንደ ሳጥኑ ቁጥር 10 ሳንቲም፣ አልፎ አልፎ ለሚያትም ግን ግማሹ በጽዳት ስለሚባክን 20 ሳንቲም። ጥቁር ብቻ የሚያትም ሌዘር 130 ዶላር፤ 3,000 ገጽ የሚያትም ቶነር በ75 ዶላር ቢገዛ ገጹ 2 ሳንቲም ተኩል። ቀለም ከጠርሙስ የሚቀዳለት ባለ ታንክ ፕሪንተር 230 ዶላር፤ 4,500 ገጽ ገደማ የሚያትም የ65 ሚሊ ሊትር ጥቁር ጠርሙስ በ14 ዶላር ቢገዛ ገጹ ከሳንቲም ሲሶ በታች። አራተኛው ቤተ መጻሕፍት፤ ገጹ 15 ሳንቲም፣ ዕቃ መግዛት የለም።

አሁን በሦስት ዓመት እናስላው። በወር 20 ገጽ ለሚያትም ቤተሰብ ድምሩ 720 ገጽ ነው። ርካሹ ፕሪንተር 204 ዶላር፣ ሌዘሩ 148፣ ባለ ታንኩ 232፣ ቤተ መጻሕፍቱ 108 ዶላር ያስወጣሉ። ማለትም ጥቂት ለሚያትም ሰው ከሁሉም የሚረክሰው ጨርሶ ፕሪንተር አለመግዛት ነው! በወር 100 ገጽ ለሚያትም ደግሞ ድምሩ 3,600 ገጽ ይሆናል። ርካሹ በሳጥኑ ቁጥር እንኳ 420 ዶላር፣ ሌዘሩ 220፣ ባለ ታንኩ 241፣ ቤተ መጻሕፍቱ 540። በሁለቱም ሒሳብ «ርካሹ» ርካሽ ሆኖ አልተገኘም።

በሌዘርና በባለ ታንክ መካከል ለመምረጥ ጥያቄው ስንት ጊዜ ታትማላችሁ የሚለው ነው። ቶነር ደረቅ ዱቄት ነው፤ በሙቀት ቀልጦ ወረቀቱ ላይ ይጣበቃል። ስድስት ወር ቢቀመጥ አይደርቅም። አልፎ አልፎ ጥቁር ጽሑፍ ለሚያትም እርሱ ይሻላል። በየቀኑ ባለቀለም ለሚያትም ደግሞ ባለ ታንኩ። ያለውን ርጭት ፕሪንተር ይዞ ለሚቆይ ምክሬ ጥቂት ነው። በሳምንት አንዴ ትንሽ ገጽ አትሙ፤ በቁልፉ አጥፉት፤ ለረቂቅ «ድራፍት» የሚለውን ምረጡ፤ «ጥቁር ቀለም ብቻ» የሚል አማራጭ ካለው እርሱን ያዙ። ግራጫ የሚለው አማራጭ አንዳንዴ ግራጫውን ከባለቀለሞቹ አደባልቆ ስለሚሠራ አያድንም።

ወደ አገር ቤት ለምትወስዱ

ፕሪንተር በሻንጣ ይዞ ለወንድም ለእህት የሚሄድ ብዙ ነው። ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። ብዙ የቀለም ርጭት ፕሪንተሮች ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላሉ፤ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ ሌዘሮች ግን፣ ቶነሩን የሚያቀልጡበት ማሞቂያ ኃይለኛ ስለሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ለ110–120 ቮልት ብቻ ናቸው። ከጀርባው የተጻፈውን አንብቡ። ሁለተኛው፣ አንዳንድ አምራቾች ካርትሪጅን በክፍለ ዓለም ይከፋፍላሉ። አሜሪካ የተገዛ ፕሪንተር አዲስ አበባ የተገዛውን ካርትሪጅ አልቀበልም ሊል ይችላል። በዚህ ምክንያት ስጦታው ከመጀመሪያው ካርትሪጅ በኋላ የአቧራ ማረፊያ ይሆናል። ብትችሉ ገንዘቡን ላኩና እዚያው ይግዙ።

ወደ ክፍላችን ልመለስና ላብቃ። ርጭት ፕሪንተሩን ለወዳጅ ሰጠሁ፤ ምን እንደሚበላ ነግሬው። በራሴ ገንዘብ ሌዘር ገዛሁና ለክፍሉ አበረከትሁ፤ የበደል ካሣ በሉት። ከዚያ ወዲህ ቀለም አልገዛንም፤ አብሮት የመጣው ቶነር ገና አላለቀም። የፊደል ገበታውንም እንደገና ሠራሁት፤ መደቡ ነጭ፣ ፊደሉ ዳሩ ብቻ በቀጭን መስመር የተሣለ፣ መሐሉ ባዶ። ባዶውን ልጆቹ በገዛ ክሬዮናቸው ይሞሉታል። ሲቀቡ ፊደሉን ስሙን እየጠሩ ነው፣ ከቀድሞውም ይልቅ ቶሎ ይይዙታል። በተረፈው ገንዘብ መጽሐፍ ታዟል። ገንዘብ ያዣችንም ታርቃኛለች።

አያት በቀደም መጥተው አዲሱን ገበታ አዩና፣ «አሁን ገና ቀለም ቆጠራችሁ» አሉን።

እናንተም ደረሰኛችሁን ፈልጉና አካፍሉት። ቸር እንሰንብት።